ጣራ የሌላት መኪናና ሙሽራዬ

ሰኞ፣ ጥር ፲፭፣ ደብረ ብርሃን

ገዛኋት! ሰጋር በቅሎዬን ሰጥቼ ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣራ የሌላት መኪና ይዤ ቤቴ ገባሁ። ሻጩ ጣሊያን ነጋዴ ነው፤ እሱ ገደላገደል የሚወጣ በቅሎ ፈልጓል። የሸራ ጣራዋን ዝናብ በልቶት ተጥሏል፤ ይጣል! እናቴ ዞራ ዞራ አየቻትና «ልጄ፣ ገላጣ እኮ ናት!» አለች። እኔ የሚታየኝ እሑድ ነው። ዘነበችን ከጎረቤላ ሳመጣት፣ ነፋሱ፣ ከየአውድማው የሚነሳው ገለባ... መልኳን እንኳ አላውቀውም፤ በሽማግሌ ነው የታጨችልኝ።

ማክሰኞ

ሱቄን ዘግቼ መሪዋን ይዤ ተቀመጥኩ። ሞተር ሳላስነሳ አንኮበር ደርሼ ተመለስኩ።

ሐሙስ

የዘነበች አባት መምሬ ወልደሐና መጡ። መኪናዋን ሲያዩ አማተቡ። «ሙሽራ ተሸፋፍና ነው የምትሄደው። ልጄን ገላልጠህ ለቡዳ ልትሰጣት ነው?» በካባ እሸፍናታለሁ አልኩ። ያኔ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ወንድሟ ደምሴ ዱር ቤቴ ብሎ ከወጣ ዓመት አልፎታል፤ የጎረቤላን መንገድ ከገደሉ ላይ የሚጠብቁት እሱና ጓደኞቹ ናቸው። «መኪና ካዩ ጣሊያን ነው ብለው ይተኩሳሉ። በበቅሎ ና።»

በቅሎዬ የታለችና! ምን ነካኝ?

ቅዳሜ

በሰርግ ወር በቅሎ ማን ያውሳል? ዞሬ ዞሬ ባዶ እጄን ገባሁ። ጠላው ተጠምቋል፣ ሰው ተጠርቷል፣ ቀን አይገፋም። መምሬ ለደምሴ መልእክተኛ ልከዋል፤ ያግኘው አያግኘው እንጃ። አንደኛ ሚዜዬ ታፈሰ «ሚዜ ከሙሽራ አይለይም» ብሎ ከኋላ ሊንጠለጠል ቆርጧል። ፈርቻለሁ። ግን ዓይኔን ስጨፍን አሁንም ያው ነፋስ ነው የሚመጣብኝ።

እሑድ ምሽት

ስንሄድ ጉሙ ሸፈነን። ስንመለስ ሰማዩ ጠርቷል። ዘነበች ካባ ተከናንባ ከጎኔ፣ ታፈሰ ከኋላ እየዘፈነ፤ እውን አልመስልህ አለኝ። ገደሉ ሥር ስንደርስ ጥይት ጮኸ፤ ከፊታችን አቧራ ተነሳ። ፍሬን ይዤ መሪው ሥር ተደፋሁ። እመብርሃንን ጠራሁ፣ እናቴንም ጠራሁ።

ዘነበች ወንበሩ ላይ ቆመች። ካባውን ከነሻሹ ገፈፈችና «ደምሴ! እኔ ነኝ! እህትህ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ሙሽራ፣ ያውም ፊቷን ገልጣ!

ከገደሉ ላይ «እሰይ እህቴ!» የሚል ድምፅ ወረደ፤ እንደ ሰርግ ደንብም ወደ ሰማይ ተኮሱልን። ታፈሰ ሳቀም አለቀሰም።

እኔ ከመሪው ሥር ቀና ስል መልሳ ተሸፋፍናለች። «ንዳ እንጂ» አለችኝ። ነዳሁ።

አሁን ጫጉላ ቤት ውስጥ ናት፤ እኔ ደጅ ቁጭ ብያለሁ። ታፈሰ አይቷታል። ደምሴም፣ ያ ገደል ሙሉ ሰውም አይቷታል። ያላየኋት እኔ ባሏ ብቻ ነኝ። ታፈሰን መልኳን ብጠይቀው «አንተ ያኔ የት ነበርክ?» ብሎ ይስቅብኛል። አፍሬያለሁ፣ ደስም ብሎኛል። ልገባ ነው።