ሠላሳ አምስቱን ጎማ ሠላሳ አንድ ላሰኙት ኃላፊ

ለተሽከርካሪ ቴክኒክ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጉዳዩ፦ ስለ ሞተው አናጺና ሰኞ ስለሚፈረድበት የእህቴ ልጅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በምቹ ወንበርዎ ላይ፣ እጅና እግርዎ ሙሉ ሆኖ፣ መንጋጋዎ ሳይሰበር፣ ደረትዎም ሳይጨፈለቅ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምመኝልዎ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ባለፈው ወር መሥሪያ ቤትዎ ብቁ ነው ብሎ ካሳለፈው መኪና ጋር ከተገናኙት ሰዎች መካከል እነዚህን ሁሉ አሟልቶ የቀረ ስለሌለ ነው።

እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ አሮጊት ነኝ። እኔን ያስተማሩኝ መምህርት የነጥብ ቦታ ለሳተ ልጅ የማስመሪያውን ጠርዝ በጣቶቹ ጫፍ ላይ ያሳርፉ ነበር። ዱላውን አላመሰግንም፤ ነገር ግን የመርማሪዎችዎን ሥራ ካየሁ ወዲህ የእኒያን ሴት እጅ እጅግ ናፍቄአለሁ።

ከቅሬታዬ በፊት ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። የእህቴ ልጅ በአነስተኛ የጭነት መኪናው ድንጋይ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። መሥሪያ ቤትዎ ድንጋይ ጫኝ መኪኖች ትልልቅ ጎማ ማድረግ ይችላሉ የሚል መመሪያ ሲያወጣ፣ የሠላሳ አንድ ኢንች ጎማዎቹን አውልቆ ሠላሳ አምስት አስገባ። መልአክ ነው አልልም፤ ግማሹን ለሥራ፣ ግማሹን ለጉራ ነው የገዛቸው። “አክስቴ፣ አሁን አንበሳ አትመስልም?” ቢለኝ፣ “ቦቲ ያደረገች ፍየል ትመስላለች” ብዬዋለሁ።

ሆኖም የቀረውን በሥርዓት ነበር ያሠራው። ጎማ ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው መንገድ ይረዝማል። ይህን ከመጽሐፍ አልጠቀስኩም፤ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ መኪናውን አንድ ዙር አስገፍቼ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቼዋለሁ። አሮጌው ሁለት ሜትር ከአርባ ሁለት፣ አዲሱ ሁለት ሜትር ከሰባ ሦስት ሆነ። ስለዚህ ሁለት ነገር መታረም ነበረበት። አንደኛው የኋላው ዲፈረንሻል ጥርስ ነው፤ ሞተሩ ትልቁን ጎማ ሽቅብ መጎተት፣ ቁልቁል ደግሞ ይዞ ማቆየት እንዲችል፣ ሦስት ነጥብ ሰባት ሦስት የነበረው ቁጥር ወደ አራት ነጥብ ሁለት ግድም መውጣት አለበት። ገበያ ላይ ያለው አራት ነጥብ አንድና አራት ነጥብ ሦስት በመሆኑ፣ መካኒኩ ጭነቱን አስቦ አራት ነጥብ ሦስቱን ገጠመ። ሁለተኛው የመኪናው ኮምፒዩተር ነው፤ መካኒኮች ቱነር በሚሉት፣ ስልክ በሚያህል መሣሪያ የጎማው ልክና የጥርሱ ቁጥር ካልተሞላለት የፍጥነት መለኪያው ይዋሻል፣ ካምቢዮውም ያለ ሰዓቱ ማርሽ ይቀይራል። መካኒኩ ሁለቱንም ሞላለት። መኪናው እውነት ተናጋሪ ሆኖ ወደ እርስዎ ግቢ ገባ፤ ጥፋቱም ይኸው ነበር።

፩. ክቡር መርማሪዎ እውነተኛውን መኪና ጣሉት። ምክንያታቸው ሊብሬው ሠላሳ አንድ ሲል ኮምፒዩተሩ ሠላሳ አምስት ማለቱ ነው። ጎማው ወገባቸው ድረስ ተገትሮ ከፊታቸው ቆሟል። መመሪያዎ ጎማውን ፈቅዷል፤ ቁጥሩን ግን አልፈቀደም። የእህቴ ልጅ “ጋሼ፣ ጎማውን እያዩት አይደል እንዴ?” ቢላቸው፣ “እኔ የማየው ወረቀት ነው፤ ጎማ የሚያየው ጎሚስታ ነው” አሉት። ለዚህ ግልጽነታቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

፪. ጥርሱን መቀየርም “የተሽከርካሪውን ዓይነት መለወጥ” ስለሆነ የኮሚቴ ፈቃድ ይጠይቃል ተባለ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ሦስት ልጆች የሚያበላ ሰው አምስት ወር መቆም አልቻለም፤ አሮጌው ጥርስ ተመለሰ፣ በቱነሩም ሠላሳ አንድ ተብሎ ተሞላ። መኪናው ውሸቱን ከተማረ በኋላ በአሥር ደቂቃ አለፈ፤ ቦሎም ተለጠፈለት።

፫. በአሥራ አንደኛው ቀን ድንጋይ ጭኖ ከሰፈራችን በላይ ያለውን ቁልቁለት ወረደ። የተፈቀደው ፍጥነት ስልሳ ነው፤ መለኪያውም ስልሳ ይለው ነበር። መንገድ ዳር ያለው ካሜራ የያዘው ግን ስልሳ ስምንት ነው። የግጭት ኃይል የሚያድገው ፍጥነቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ስለሆነ፣ ያች ስምንት ብቻዋን ከመቶ ሃያ ስምንት እጅ ኃይል ጨመረች። አሮጌው ጥርስ ጭነቱን ይዞ ማቆየት ስላቃተው ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ወደቀ፤ ፍሬኑ ጨሰ፣ ነደደ፣ ለቀቀ። መኪናው ከቁልቁለቱ ሥር ያለውን የአናጺውን ግድግዳ በርግዶ ገባ። መጋዙ ገና እየዞረ ነበር። አናጺው በመኪናው ግንባርና በሥራ ጠረጴዛው መካከል ተጨፈለቀ፤ ድንጋዩም ተደፋበት። ከደረሱት ሰዎች አንዷ ነበርኩና እመሰክራለሁ፤ ያወጣነው በአንድ ጊዜ አይደለም።

፬. ሕዝቡ የእህቴን ልጅ በመስኮቱ ጎትቶ አወጣው። በፌሮ ብረት መንጋጋውን ሰበሩት፤ አንዱ ክንዱን ይዞ ሌላው በድንጋይ ቀጠቀጠው። “ስልሳ ነበርኩ ይላል ደግሞ! በለው ይሄን ውሻ!” ይሉ ነበር። እኔም በከዘራዬ ሁለቱን መትቻለሁ፤ የአንደኛው ጥርስ መውለቁን ሰምቼ ለፖሊስ አምኛለሁ። እነርሱን ግን አልከስም፤ ያዩት ሬሳ ነበር። እናንተ ያያችሁት ወረቀት ነው።

፭. መሥሪያ ቤትዎ ለፍርድ ቤቱ በጻፈው ደብዳቤ “ተሽከርካሪው ብቁ ነበር፤ ሹፌሩ ስለ ፍጥነቱ ሐሰት ተናግሯል” አለ። ዐቃቤ ሕጉ በዚህ ደብዳቤ ተመርኩዞ አሥራ ሁለት ዓመት እስራት ጠይቋል። ሰኞ ይፈረዳል። መንጋጋው በሽቦ የታሰረ ሰው “አልዋሸሁም” ማለት እንኳ አይችልም።

፮. ከዚያም ሁለት ባልደረቦችዎ መካኒኩ ጋራዥ ድረስ ወርደው ቱነሩን “ሕገወጥ መሣሪያ” በማለት መሬት ላይ በመዶሻ አድቅቀው፣ ሊከለክላቸው ሲሞክር የብረት በሩን ጣቶቹ ላይ ዘግተውበታል። ግቢዎ የቆመው የመኪናው ኮምፒዩተር ደግሞ “ለጥንቃቄ” ተብሎ ወደ ፋብሪካው ቁጥር ተመልሷል፤ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ብሎ እንደሞላው የሚናገረው መዝገብ ተደምስሷል።

ለዚህ ሁሉ ትጋት ልዩ ምስጋና አለኝ፤ የሚያሳዝነኝ ልፋቱ ከንቱ መሆኑ ነው። መኪናው ያለፈበት የምርመራ ቅጽ ቢጫው ቅጂ በባለመኪናው እጅ ነበር፤ አሁን በእኔ እጅ ነው። ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት “በኮምፒዩተሩ የተሞላው የጎማ ልክ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው” ይላል፤ ከጎኑ የመርማሪዎ የትክክል ምልክት፣ ከሥሩ ፊርማቸውና የእርስዎ ክብ ማኅተም አለ። ሊብሬው ሠላሳ አንድ ይላል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሠላሳ አንድ ይል እንደነበር የመሰከራችሁት እናንተው ናችሁ። ከፍርስራሹ ሳይፈነዳ የቀረውን አንድ ጎማ ደግሞ ፖሊስ አስፈርሞ አስረክቦኛል፤ በቁም ሳጥኔና በአልጋዬ መካከል ቆሟል፤ ሊወስደው የሚመጣ ሰው በእኔ ላይ ተረማምዶ ነው።

ስሌቱ አንድ መስመር ነው። ስልሳን በሁለት ነጥብ ሰባት ሦስት አባዝተው ለሁለት ነጥብ አራት ሁለት ያካፍሉ፤ ስልሳ ሰባት ነጥብ ሰባት ያገኛሉ። ካሜራው ስልሳ ስምንት ብሏል። የቀረችውን ሦስት አሥረኛ ለእርስዎ በስጦታ ትቻታለሁ።

ስለዚህ ሰኞ ጠዋት ራስዎ ችሎት ቀርበው ለፍርድ ቤቱ የተጻፈውን ደብዳቤ መልሰው እንዲስቡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ባይመጡም ቅር አይለኝም፤ ጎማውን በፍርድ ቤቱ ግቢ ራሴ አንከባልላለሁ፣ ዳኛው የሜትሩን ጫፍ ይይዙልኛል፣ ማኅተምዎንም ጮክ ብዬ አነባለሁ።

ከቁልቁለት ሥር ለማይኖሩት ቤተሰቦችዎ ሁሉ ሰላምታዬን አቅርቤ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለማኅተምዎም ቀለም እየተመኘሁ፣ ከማይጎድል አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የታሳሪው አክስት፣
ጡረተኛዋ የሒሳብ መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ አናጺው ሲሞት በእጁ የነበረው ሥራ የጽሕፈት ቤትዎ የፋይል መደርደሪያ ነው፤ የእርስዎ ፊርማ ያለበት ትእዛዝ ሳይፈርስ በቀረው ግድግዳ ላይ ተሰክቶ አግኝተነዋል። የአናጺው ባለቤት ሰው ልከው እንዲያስወስዱት ትጠይቃለች። ሦስቱ ጣውላዎች ለስልሰው አልቀዋል። አራተኛው ላይ ያለውን ደም ወንድሙ ሁለት ጊዜ በመላጊያ ሞክሮት አልለቀቀም፤ ወደ እንጨቱ ጠልቋል። የዘንድሮ ያለፉ መኪኖችን ፋይል እዚያኛው ላይ ቢያስቀምጡት መልካም ይመስለኛል።