ባላምባራስን ስለሚመታው ጥይት ምርጫ

ሐይቅ፣ ሐሙስ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
የጠዋቱ ቆጠራ፦ ምስር አምስት ጆንያ (አንዱ ገና የሚለቀም)፣ ሽምብራ ሦስት፣ በቆሎ ሁለት። የቱርክ ዶሮ ሴት ሁለት፣ ወንድ አንድ። ሁሉም በሕይወት።

ለተከበሩ አቶ ምስጋናው፣
የሐይቁ ዳር ጊዜያዊ የአውሬ መከላከል ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡርነትዎ፣ ከመላው የኮሚቴዎ አባላት ጋር እንደምን ሰነበቱ? ስለ አንድ ዶሮ አራት ስብሰባ ለተቀመጠ ወገብዎ ፈጣሪ ብርታቱን፣ ለዓይንዎም ብርሃኑን እንዲሰጥልኝ ከልቤ እየተመኘሁ፣ ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ ለመለጠፍ መገደዴን በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ።

ባላምባራስ ከኮምቦልቻ በቅርጫት አምጥቼ ያሳደግሁት ወንድ የቱርክ ዶሮ ነው። ስሙን ያገኘው ከአንገቱ በሚንጠለጠለው ቀይ ሥጋና ከአረማመዱ ነው። በታኅሣሥ መጨረሻ አጥር ዘልሎ ሐይቁ ዳር ካለው ሾላ ላይ ማደር ጀመረ። ከእስጢፋኖስ ማልደው የሚመለሱ አንድ አባት ከራሳቸው በላይ ሲጮኽ ሰምተው ደነገጡና ለኮሚቴዎ አመለከቱ፤ ኮሚቴዎም «ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ቀይና ሰማያዊ፣ ዝርያው ያልታወቀ አውሬ» ብሎ መዘገበው። የእኔ ነው ብዬ ስቀርብ የባለቤትነት ማስረጃ ተጠየቅሁ፤ ማስረጃ ስለሌለኝም አቤቱታዬ አውሬው ከተገደለ በኋላ እንደሚታይ በማኅተም ተረጋገጠልኝ። ሁለቱ ሴቶች ያለ እሱ የሚጥሉት እንቁላል ለመጥበሻ እንጂ ለጫጩት እንደማይበቃ ባስረዳም፣ ነገሩ ከአጀንዳ ውጭ መሆኑ በትሕትና ተነግሮኛል። ስለዚህ ቅሬታዬን በአጀንዳው ውስጥ ብቻ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ እርሳሱ መጠን። የዘበኛው የጋሽ ባዬ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ያለው ጥይት ሦስት ብቻ ሆኖ ሳለ፣ የትኛው እንደሚሻል ለመምረጥ ሦስቱንም ከፍታችሁ በውስጣቸው ያለውን የእርሳስ ፍሬ በሚዛኔ ሳህን ላይ ስትዘረግፉ፣ ሱቄን ስለመረጣችሁ ክብር ተሰምቶኛል። እህል ነጋዴ ነሽና ፍረጂ ስላላችሁኝም ፈርጃለሁ፦ ጤፍ የሚያህለው ላባውን አያልፍም፤ ሽምብራ የሚያህለው ደግሞ ወንፊት ያደርገዋል። ምስር የሚያህለው ይሁን ብላችሁ በጭብጨባ ስትወስኑ ግን የአንድ አባል ክንድ ሳህኑን መትቶ ግማሹን እርሳስ ክፍት የምስር ጆንያዬ ውስጥ ደፋው። ጎረቤቴ ሙሚና በማግስቱ ከዚያው ምስር ወጥ ሠርታ ስትበላ የመንጋጋ ጥርሷን ሰበረች። በቃለ ጉባኤያችሁ ላይ «ጥይቱ ጠንካራ መሆኑ በተግባር ተረጋግጧል» ተብሎ መስፈሩን ሳነብላት፣ በጉንጯ ላይ ጨርቅ እንዳሰረች አመስግናችኋለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥጋው። በወሎ እንደምንኖረው ሁሉ፣ ከኮሚቴው ግማሹ በስመ አብ፣ ግማሹ በቢስሚላሂ ያልታረደ እንደማይበላ ሳይታለም የተፈታ ነው። አውሬ ነው ያላችሁትን ለድስት ማሰባችሁን ግን ያወቅሁት የኮሚቴው አባል ጋሽ ኡበይድ ሲያስረዱኝ ነው። «ወላሂ የሺ፣ ነፍሱ ሳትወጣ ከወደቀ ቢላ ይደርሳል፤ በጥይቱ ከሞተ ግን የእናንተም የእኛም አይደለም፣ የጅብ ነው» አሉኝ። ስለዚህ ኮሚቴው የሚጥል ግን የማይገድል ጥይት ሲፈልግ ሁለት ሳምንት ፈጅቷል። ሙከራው ሾላው ላይ በተሰቀለ ዱባ፣ ከሌላ ቀበሌ በመጣ የውሰት ጥይት ሲካሄድ ነበርሁ። ዱባው ተፈረከሰ፤ ነፍሱ ወጥታ ይሁን ሳትወጣ ግን ሊስማሙ አልቻሉም። ክርክሩ ሲሟሟቅ ባላምባራስ ከቅርንጫፉ ወርዶ የተበተነውን የዱባ ፍሬ ለቀመና ከክቡርነትዎ ኋላ ኋላ እየተራመደ እስከ ሱቄ ተከተለዎት። ዞር ብለው «ከመንገድ ዞር በል» እንዳሉትም አልዘነጋሁም።

ሦስተኛ፣ ስለ ቦታው። ባላምባራስ በየቀኑ አመሻሽ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሱቄ በር ድረስ መጥቶ በቆሎ ከእጄ መብላቱን የለማዳነቱ ማስረጃ አድርጌ አቅርቤ ነበር። ኮሚቴውም በጥሞና ተመልክቶ፣ አውሬው ሰዓት አክባሪ በመሆኑ ተኳሹ እዚያው በሬ ላይ በርጩማ ይዞ እንዲቀመጥ ወስኗል። በርጩማውንም እኔ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ከአክብሮት ጋር ቀርቧል፤ አንድ እግሩ ይወዛወዛል።

አራተኛ፣ ቀኑ ነገ ዓርብ ነው። ጾም ነውና ግማሹ ኮሚቴ እስከ ቅዳሜ ስለማይበላ ሥጋው በእኔ ማቀዝቀዣ እንዲያድር በደብዳቤ ጠይቃችሁኛል። የገዛ ዶሮዬን በገዛ ማቀዝቀዣዬ አደራ እንድጠብቅ ስላመናችሁኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

የክቡርነትዎ ትእዛዝ ፈጻሚ፣ የሚዛንዎ፣ የበርጩማዎና የማቀዝቀዣዎ ባለአደራ፣ ሁለት እናት ዶሮዎችን በመወከል ጭምር፣ ከወገብ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የሺሀረግ ተክለ ማርያም
እህል ነጋዴ

ማሳሰቢያ፦ እጅሽ አይንቀጠቀጥም ብላችሁ ሦስቱን ጥይቶች መልሼ እንድሞላና አፋቸውን በሻማ ሰም እንድዘጋ አደራ ሰጥታችሁኝ ነበር። በውሳኔያችሁ መሠረት ምስር የሚያህል ሞልቻለሁ፤ የሞላሁትም ምስር ነው። የሚጥል ግን የማይገድል በማለት የጠየቃችሁትን በከፊል ያሟላል፦ አይገድልም። ባላምባራስ ከተተኮሰበት በኋላ ለቅሞ ይበላዋል። እርሳሱ የሙሚና መንጋጋ ማስረጃ ስለሆነ በጣሳ ታሽጎ እሷ ቤት ተቀምጧል። የሚፈልግ የባለቤትነት ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ፤ አቤቱታው ጥርሷ ከተተካ በኋላ ይታያል።

ነገ፦ ጠዋት በሚኒባስ ከሙሚና ጋር ደሴ፣ ጥርስ ሐኪም ዘንድ። ከዐሥራ አንድ ሰዓት በፊት መመለስ፣ በቆሎ አንድ ጣሳ።