ውሻን አንቱ በማለቷ ስለወደቀችው የልጅ ልጄ

ለፖሊስ ልዩ ሙያ ክፍሎች ዋና ኃላፊ

ቀን፦ ማክሰኞ፤ ቁጥሩን ማኅተም የሚመታው ሰው ይጨምርበት

ጉዳዩ፦ የልጅ ልጄ ወደ አነፍናፊ ውሻ ክፍል የሚያስገባውን ፈተና በድጋሚ እንድትፈተን ስለመለመን

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ብዕሩን የያዘችው ራሷ የልጅ ልጄ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እጁ የእሷ ነው፤ አፉ የእኔ። «አባባ፣ በአለቆቼ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልጽፍም» ብላኝ ነበር። «አለቆችሽ እንጂ አለቆቼ አይደሉም፤ ጻፊ» አልኳት። ስለዚህ የሚያስቆጣ ነገር ካለ እኔን ይቆጡ፤ የፊደል ግድፈት ካለ እሷን።

1. እኔ የደንብ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ ከዕቃ ግምጃ ቤታችሁ ፊት ለፊት ነው። ልጅቷ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያደገችው በስፌት መኪናዬ ሥር፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ መሐል ነው። ፊደል ሳትለይ ማዕረግ ለየች። ክንዱ ላይ አንድ ሰረዝ ያለው ሲገባ ጨዋታዋን ትቀጥላለች። ሦስት ሰረዝ ያለው፣ ሳጅን ማለት ነው፣ ሲገባ ግን ብድግ ብላ ወንበሩን በእጅጌዋ ጠርጋ «ይቀመጡ» ትላለች። ሱቄ ውስጥ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ ለማን እንደሚገባ ማወቅ ነበረባት።

2. ስታድግ ፖሊስ ካልሆንኩ አለች። ሰፊ ሁኚ ብላት «መልበስ እንጂ መስፋት አልፈልግም» አለችኝ። እሱም ቢሆን እንዲሁ ፖሊስ መሆን አይደለም፤ አነፍናፊ ውሻ ይዛ ሻንጣ ልትፈትሽ ነው። በየት በኩል ይገባል ብለን ብንጠይቅ የበር ጥበቃው ወደ ምልመላ፣ ምልመላው ወደ ሥልጠና፣ ሥልጠናው መልሶ ወደ በር ጥበቃው ላከን። በመጨረሻ የነገረን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሳጅን ነው፤ እግሩን በመርፌ ቁልፍ ይዤው ስለነበር ጥሎኝ መሄድ አልቻለም። መጀመሪያ መደበኛውን ሥልጠና ትጨርስ፣ ቀጥላ ጥበቃ ላይ ታገልግል፣ ልዩ ክፍሉ ማስታወቂያ ሲያወጣ ትወዳደር አለን።

እንደተባለችው አደረገች። የአውቶቡስ መናኸሪያው በር ላይ ፀሐይም ዝናብም ተፈራረቁባት። በእረፍቷ ቀን ደግሞ የውሻ ማደሪያችሁን በነጻ ታጸዳ ነበር። ጽዳቱ ለእናንተ፣ ሽታው ለእኔ ቤት።

3. የፈተናው ዕለት ከውሻው ጋር ሆና ከተደረደሩት ሻንጣዎች የተደበቀውን አገኘች። ይህን ማንም አልካደም። ሲያልቅ የፈታኞቹ ሰብሳቢ «ይሄ ውሻ ሳጅን ነው፤ ካንቺ በላይ ነው። በይ አስቀምጪው» አላት። ብታይ እውነትም የውሻው ጀርባ ላይ ባለው ልብስ ሦስት ሰረዝ አለ። የደነገጠ አፍ ያደገበትን ነው የሚያወጣው፤ «ሳጅን፣ ይቀመጡ» አለች።

ውሻው ቆሞ አያት። ፈታኞቹ በሳቅ ፈረሱ፤ አንደኛው እንባውን በኮፍያው ሲጠርግ ነበር አሉ። እሷም ይብስ ግራ ተጋብታ ቀጥ ብላ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠችና «እባክዎ ይቀመጡ» አለችው። ይሄኔ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ግን ሳቁን ዋጥ አድርጎ «እያላገጥሽብን ነው?» አላትና «በተቋሙ ላይ አላግጣለች» ብሎ ጻፈባት። ይህ ቃል ከማኅደሯ ካልወጣ የትኛውም ልዩ ክፍል አይቀበላትም ተብላለች። የሚመጣው ዓመት ደግሞ የዕድሜ ገደቡ ያልፋታል።

4. የውሻው ማዕረግ ቀልድ ነው እንዳይሉኝ። የሰፋሁት እኔ ነኝ። የግምጃ ቤቱ ሹም ልብሱን ይዞ መጥቶ «ሦስት ሰረዝ ምታበት» ሲለኝ «ለውሻ?» ብዬዋለሁ። «ከላይ የታዘዘ ነው፤ አንተ ሥራህን ሥራ» አለኝ። ሠራሁ። እንግዲህ ቀልድም ከሆነ ያዘዛችሁት እናንተ፣ የሰፋሁት እኔ፣ የወደቀችው እሷ።

ፈታኞቹ «ውሻው በመጀመሪያው ትእዛዝ አልተቀመጠም» ማለታቸውም አይገባኝም። በዕድሜዬ በመጀመሪያው «ይቀመጡ» የተቀመጠልኝ ሳጅን የለም። «ግድ የለም፣ ቆሜ ይሻለኛል» ይላል። ሁለተኛ ሲለመን ወንበሬ እስኪንቃቃ ይቀመጣል። ውሻው ማዕረጉን ያወቀ ነው።

5. ስለዚህ «አላግጣለች» የሚለው ቃል ተሰርዞላት፣ ዕድሜዋ ሳያልፍ አንድ ጊዜ እንድትፈተን እለምናለሁ። አሁን «ቁጭ በል» ማለት ተለማምዳለች። የተለማመደችው በእኔ ላይ ነው፤ በዚህ ጉልበቴ ስቀመጥ ስነሳ ከርሜያለሁ። ይህ አይሆንም ካሉ ደግሞ የውሻው ማዕረግ ይገፈፍ። ልብሱን ይላኩልኝ፤ ያለ ዋጋ እተረትረዋለሁ።

እዚህ ላይ ብዕሩ ቆሟል። ልጅቷ «አባባ፣ እሱ ምን አጠፋ?» ትለኛለች። ውሻውን ማለቷ ነው። ጻፊው አልኳት። እንግዲህ ታላግጣለች ያላችኋት ይህችን ነው።

ክቡር ሆይ፣ አስጠርተው ሲያነጋግሯት «ቁጭ በይ» ይበሏት። እሷ በመጀመሪያው ትቀመጣለች።

ወንበሩን ለእርስዎ ከለቀቀ ሽማግሌ ሰላምታ ጋር፣

(የአውራ ጣት አሻራ)
የደንብ ልብስ ሰፊው፣ የተፈታኟ አያት

በይ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ስለ ውሻው ያልሽውን ዘለሽ እንዳታልፊ፤ እሱን ጮክ አድርጊው።