ከፍራሹ ጫፍ፣ ሱሪ ይዤ

…ሱሪሽን ደረቴ ላይ አቅፌ ከፍራሹ ጫፍ ቆሜያለሁ፤ ያንን ጉልበቱ ላይ የተጣፈውን ሰማያዊ ሱሪ። ሥራዬ አንድ ብቻ ነው። ከሚዛን እንጨቱ ዘለሽ ስትወርጂ፣ ለዳኞቹ እጅሽን አንስተሽ ዞር ስትዪ፣ እኔ ሮጬ ሱሪሽን አቀብልሻለሁ። እኔ አሥር ዓመቴ ነው፣ አንቺ አሥራ ሰባት። ያን ቀን ግን፣ ልትወርጂ ጥቂት ሲቀርሽ፣ እኔ…

ቆይ። ሰላምታ ሳላቀርብ ዘው ብዬ ገባሁ። እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ባለፈው በስልክ ድምፅሽ ጎርነን ብሎብኝ ሁለት ቀን ሙሉ ሳብሰለስለው ሰነበትኩ፤ ጉንፋን ነው ብትዪኝም አላመንኩሽም። የልብስ ማጠቢያው እንፋሎት ደረትሽን እንዳይጎዳው አደራሽን መስኮት ክፈቺ። ባልሽስ ወገቡን ተሻለው? መንታዎቹስ አሁንም አንድ አልጋ ላይ ካልተኛን እያሉ ያስቸግሩሻል? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ዓይኗ ደከም አለ እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። እኔም ደህና ነኝ። 

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽና ልረፍ። ልጄ ተመረጠች። ያቺ እማዬ አንድ ቦታ አትቀመጥም ብላ ፌንጣ ያለቻት ልጄ፣ ትናንት በማጣሪያው በአጠቃላይ ነጥብ ሁለተኛ፣ በሚዛን እንጨት ደግሞ አንደኛ ወጥታ ዋናው የጂምናስቲክ ቡድን ውስጥ ገባች። እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ሸፍና። እኔ በሰፋሁላት ልብስ። ይህን ጽፌ መልሼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር፤ ግን እኔና አንቺ ስለዚያ እንጨት በስልክ አውርተን አናውቅም። በአካልም አውርተን አናውቅም።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ወር በፊት ነው። አንድ ውድድር ላይ የተነሳች ፎቶዋ ትምህርት ቤት ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ዞረች። ፎቶው ላይ ምንም የለም አሉኝ፤ አየር ላይ ያለች ልጅ ናት፣ ማንም ጋዜጣ ላይ ሊያወጣው የሚችል ነው። ክፉው ከሥሩ የተጻፈው ነው። እኔ አላየሁትም፣ አላሳየችኝም። ጉሮሮዬን አመመኝ ብላ ሁለት ሳምንት ከልምምድ ቀረች። በሦስተኛው ሳምንት ስትሄድ ተከተልኳትና በአዳራሹ መስኮት አሾልቄ አየሁ።

እጇን አየሁ፣ እታለም። በየዝላዩ መሃል ቀኝ እጇ ሹልክ ብላ ትወርድና የልብሷን ጠርዝ ወደ ታች ጎትታ ትለቃለች። ጎትታ ትለቃለች። ልጅቷ ራሷ የምታውቀው አይመስልም። እኔ ግን ያቺን እጅ አውቃታለሁ። ያንቺ እጅ ናት። ልብሷን ነካች ተብሎ ሦስት አሥረኛ ነጥብ የተቆረጠባት እጅ። አንቺ ከቡድኑ የቀረሽው በሁለት አሥረኛ ነበር። እቤታችን ውስጥ ይህን ቁጥር ጮክ ብሎ የሚናገር የለም፤ የማያውቀውም የለም።

በማግሥቱ ምሳ ላይ ተናገረች። ከእንግዲህ በዚያ አጭር ልብስ አልወጣም፣ ወይ እግሬ ይሸፈናል ወይ እተወዋለሁ አለች። እማዬ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ይኸው ፈጣሪ ልብ ሰጣት፣ ጨዋ ልጅ እንዲህ ናት ብላ ልትመርቃት ስትነሳ ፌንጣ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ለጨዋነት አይደለም እማማ» አለቻት። «እንዳላስበው ነው። እንጨቱ ላይ ሆኜ ስለ እንጨቱ ብቻ ማሰብ እፈልጋለሁ።»

እማዬ ለምርቃት ያነሳችውን እጇን ወደ ሳህኗ መለሰች። እማዬ የጀመረችውን ምርቃት ስታቋርጥ ስንቴ አይተሻል?

አሰልጣኟ ያቺው አንቺንም ያሰለጠነችው፣ ፊሽካ ያልናት ናት። አርጅታለች፤ ፊሽካዋ ግን አሁንም ከአንገቷ አልወረደችም፣ ልጆቹ በእንቅልፏም ትነፋለች ይላሉ። ከጀርባዋ እንዲህ እንደልባችን እናውራት እንጂ ፊቷ ስቆም ዛሬም አንቱ ነው፣ ዛሬም አሥር ዓመቴ ነው። ነገሩን ስነግራት ሳቀችብኝ። ረጅም ልብስ የጉልበትን መታጠፍ ይደብቃል፣ ዳኛ ደግሞ የሚደበቅ ነገር አይወድም፣ ደግሞስ ልጅሽ ናት የምትወዳደረው ወይስ ልብሷ አለችኝ። በዚያ ላይ ክልክል ነው አለች። የት ላይ ነው የተከለከለው አልኳት። ደንቡ ላይ አለች። እንግዲያው ደንቡን ያምጡልኝ አልኳት። ይህን ያለው የኔ አፍ መሆኑን ያወቅሁት ካለ በኋላ ነው።

መጽሐፉን አመጣችው። እታለም፣ ያ መጽሐፍ ቅጣት የሚዘረዝረው ገጹ ብቻ ነው በጣት ብዛት የጠቆረው፤ ሌላው ገጽ ትናንት የታተመ ይመስላል። መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ጋ ቆማ አነበበች። እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ልብስ ይፈቀዳል፣ ቀለሙ ከላይኛው ጋር አንድ እስከሆነ ድረስ። ሁለተኛ ጊዜ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። አላውቅም አለች። በእህቴ ጊዜስ? መነጽሯን አወለቀች። የድሮውን መጽሐፍ ፈልጌ አየዋለሁ አለች። ከዚያ በኋላ አላነሳችውም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። መልሱን መስማት እንደምፈልግ እርግጠኛ አልነበርኩም።

እንግዲህ ስፌቱ። ሃያ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርምና የነርስ ጋውን ስሰፋ የኖርኩ ሰው፣ ይሄ ምኑ ይከብዳል ብዬ ነው የጀመርኩት። እንደማንኛውም ደንበኛ አቁሜ፣ ክንዷን አስዘርግቼ ለካኋት። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው የሚለጠጥ ጨርቅ፣ ላዩም እግሩም ከአንድ ጣቃ። ለብሳው መስታወት ፊት ስትቆም ውሃ የመሰለ ልብስ ሆነ፤ ኮራሁ። ከዚያ እግሮቿን ፊትና ኋላ ዘርግታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ትከሻው ጧ ብሎ ተተረተረ። ፌንጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ቆሞ ሲለካ ግማሹ ብቻ እንደሚለካ እስከዛሬ አለማወቄ አስደነገጠኝ።

ስለዚህ እንደገና ለካኋት። ታጥፋ ለካኋት፣ ተዘርግታ ለካኋት፣ በመጨረሻም ግድግዳ ተደግፋ በእጇ ቆማ፣ እኔ ወለሉ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ የሜትሩን አንድ ጫፍ በጥርሴ ይዤ። ሃያ ዓመት ሰው ስለካ ዘቅዝቄ ለክቼ አላውቅም ነበር። እማዬ በሩ ላይ መጥታ አየችንና፣ ሁለታችሁም ለየላችሁ ማለት ነው ብላ ተመለሰች። ቆማና ታጥፋ ስትለካ ከትከሻዋ እስከ ተረከዟ የአንድ ስንዝር ልዩነት አለ። አንድ ስንዝር ሙሉ። ያ ስንዝር ያንቺ ልብስ ላይ የት ነበር?

ሁለተኛው አልተቀደደም። ግን አየር ላይ ስትጠቀለል ቅልጥሟን በእጆቿ መያዝ አለባት፤ ባዶ እግር እጅ ላይ በሚነሰነሰው ነጭ ዱቄት ይያዛል፣ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ግን ያንሸራትታል። እጇ አምልጧት በጀርባዋ ወደቀች፣ ክርኗ አበጠ። ፊሽካ እኔ የገፈተርኳት ይመስል አየችኝ። ያን ሳምንት መቀሱን ማንሳት አቃተኝ። ይህን የምሰፋው ለማን ነው ስል ራሴን ጠየቅሁ። ለልጄ ነው ወይስ ሠላሳ ዓመት ፍራሽ ጫፍ ላይ ለቆመችው ለሌላዋ? ልጄን የሌላ ሰው ልብስ እያለበስኳት ቢሆንስ? ሄጄ ጠየቅኋት። ክርኗ ላይ በረዶ ይዛ፣ «እማ፣ ጨርቁን ገልብጪው» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ገለበጥኩት። ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን የማያብረቀርቀውን ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ ቆረጥኩ። ያዘ። ዱቄቱ ሲነካው ደግሞ ይበልጥ ያዘ። ሁለት ወር በእሱ ተለማመደች፣ እኔም ሁለት ወር ሌላ ጭንቀት ፀነስኩ። በመብራት ሲያዩት ጉልበቷ ጋ ቀለሙ የተለወጠ ይመስላል። ቀለሙ አንድ እስከሆነ ድረስ ነው የሚለው ደንቡ።

እንደፈራሁት ሆነ። ትናንት ፊሽካ የረዳት አሰልጣኝ ባጅ አሲዛኝ ውስጥ ገብቼ ነበር። ፌንጣ ተራዋ ሲደርስ ሱሪዋን አውልቃ ወደ እኔ ወረወረችው፤ ሳላስበው ደረቴ ላይ አቀፍኩት። ዋና ዳኛዋ ከወንበሯ ተነስታ መጣች። አጎነበሰች፣ የልጄን ጉልበት አየች፣ ሌላ ዳኛ ጠራች። ሁለቱ ተንሾካሾኩ።  በዚህ መሃል ፊሽካ ያንን መጽሐፍ ይዛ መሃላቸው ገባች። ገጹን ስትፈልግ አልዘገየችም፤ እሱም ጠርዙ ጠቁሯል፣ አየሁት።

«ቀለም ነው የሚለው» አለች፤ «ስለ ማብረቅረቅ አንድም ቃል የለም።»

ዳኛዋ ጨርቁን በሁለት ጣቷ ዳሰሰች። የተገለበጠ ነው አይደል ብላ ጠየቀች። ነው አልኩ፣ ድምፄ ከየት እንደመጣ እንጃ። ራሷን ነቅንቃ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ልጄ እንጨቱ ላይ ወጣች። አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፣ ታውቂዋለሽ። እግሯን አላየሁም፣ ዝላይዋንም አላየሁም። ያየሁት ቀኝ እጇን ነው። ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ ጎን ተዘረጋች፣ እንጨቱን ያዘች፣ ለቀቀች። ሹልክ ብላ ወደ ታች አልወረደችም። አንድም ጊዜ፣ እታለም። አንድም ጊዜ። ተገልብጣ ስትወርድ ሁለት እግሯ ፍራሹ ላይ ተተከለ፤ አዳራሹ በአንድ ድምፅ ጮኸ።

አሁን ያንን ልጨርስልሽ። ያን ቀን ውሃ ጠምቶኝ ነበር። ገና ነው ብዬ ሱሪሽን እንደያዝኩ ቧንቧው ጋ ሄድኩ። ስመለስ አንቺ ወርደሽ፣ ሁለት እጅሽን ከፊትሽ አጣምረሽ፣ ሰው ሁሉ እያየሽ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቆመሽ ትጠብቂኛለሽ። ስንት ደቂቃ እንደጠበቅሽኝ አላውቅም። አልተቆጣሽኝም። ሱሪሽን ለበስሽ፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ ቋጠርሽው፣ ከዚያ ወዲያ አዳራሹን አልረገጥሽም። ነጥቡን ዳኛው ነው የቆረጠው፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ያ ቧንቧ እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ይፈሳል።

ስለዚህ ትናንት ሮጥኩ። ሠላሳ ዓመት ዘግይቼ፣ ሱሪዋን ዘርግቼ እንደ እብድ ሮጥኩ። ፌንጣ እያለከለከች አየችኝ፣ ሱሪውን አየች፣ ፈገግ አለች።

«እማ፣ ለብሻለሁ እኮ» አለችኝ።

አለፈችኝና ከልጆቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። እግሯን ዘርግታ ውሃዋን ጠጣች። እኔ ሱሪውን እንደያዝኩ መሃል ላይ ቀረሁ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ አንገቴ ላይ እንደ ሻርፕ ጠመጠምኩት። ነጥቡ ሲለጠፍ ፊሽካ ራሷን ረስታ በአዳራሹ ውስጥ የተከለከለውን ፊሽካ ነፋችው። ጥበቃው መጥቶ ተቆጣት። እሷ ግን እንደገና ነፋችው።

አብራት የምትሠለጥነው ጓደኛዋ በአጭሩ ልብስ ተወዳድራ ሦስተኛ ወጣች፣ እሷም ተመርጣለች። ልስፋልሽ ወይ ስላት፣ አይ፣ ነፋሱ እግሬን ሲነካኝ ነው ደስ የሚለኝ አለችኝ። ይሁንላት። ተቃቅፈው የተነሱትን ፎቶ እዚህ ውስጥ ከትቼልሻለሁ፤ ይቺን ፎቶ ፌንጣ ራሷ ናት ለክፍሏ ልጆች በሙሉ የላከችው። አምስት እናቶች ደግሞ ለልጆቻችን ስፊልን ብለውኛል። ዘቅዝቄ ነው የምለካው ብዬ አስጠንቅቄያቸዋለሁ።

ባልሽን ወገብህን ጠብቅ፣ ወንበር ብቻህን አታንሳ ብላለች በዪልኝ። መንታዎቹን አንዱን ከሌላው ሳታስበልጪ ሳሚልኝ። እማዬ፣ ዓይኔ ሳይብስ ልይሽ ብላለች፤ ይህን አትጻፊ ስላለችኝ ነው የጻፍኩት። ባለቤቴ ከሚጠግነው መኪና ሥር ሆኖ እጁን አውጥቶ ሰላም ብሎሻል። ፌንጣ ደግሞ፣ ለአክስቴ የሚጻፍ የለኝም፣ ስትመጣ እንጨቱ ላይ ወጥተን እናወራለን ብላለች።

ታናሽሽ፤ ከስፌት ክፍሌ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን።

ፖስታውን ላሽገው ስል በሩ ተንኳኳ። ፊሽካ ናት። ይቀመጡ ብላት እምቢ አለች። ለእህትሽ ነው የምትጽፊው ብላ ጠየቀችኝ። ከቦርሳዋ ለአራት የታጠፈ፣ ከድሮ የደንብ መጽሐፍ የተገነጠለ የሚመስል፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነ ወረቀት አውጥታ ከደብዳቤው ጎን አስቀመጠችው። ጨምሪበት፣ አታንብቢው አለችኝ። አላነበብኩትም። ይህን ስጽፍ በሩ ላይ ቆማ፣ እንዳይጮህባት ፊሽካዋን በጭብጧ ይዛ፣ ፖስታው ውስጥ እስክከተው ትጠብቃለች። ከተትኩት። ወጣች። በሩ ተዘጋ።