ጨርቅ የለበሱት ኮምፒውተሮች

ኮሶ ሜዳ፣
ሚያዝያ 15 ቀን 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ሙላቴ፣
ጣራ ገዳም

አባቴ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎት። ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱ እንደማይስማማዎት አውቃለሁና ጋቢውን ደርበው ይተኙ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ነገር ግን በውሸት የተጀመረ ደብዳቤ እንደማይወዱ ስለማውቅ ትቼዋለሁ። ደህና አይደለሁም። ተናድጃለሁ።

የጎረቤታችን የእማማ ብዙነሽ ልጅ በላይነህ፣ ጾሙን ገዳም ሱባዔ ይዞ ፋሲካንም እዚያው ውሎ ትናንት ተመለሰ። መልእክትዎንም አደረሰኝ። “ጌጡን ይቅርታ ጠይቂው፤ አለቃሽ ነው፤ ትሕትና አያዋርድም” ብለውኛል። አባቴ፣ ቃልዎን ማፍረስ ይከብደኛል። ግን የአንዱን ወገን ብቻ ሰምተው ፈረዱብኝ እኮ! ቤት ሳሉ ሁለት ጎረቤት ተጣልቶ ሲመጣ “ያኛውን ሳልሰማ አፌን አልከፍትም” ይሉ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ጌጡ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቶ እግርዎ ሥር ሲወድቅ፣ ያኔ እርስዎ ዘንድ ፊደል የቆጠረው ልጅ መስሎ ታይቶዎት ይሆናል። አሁን የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር ነው፤ የኮምፒውተር ክፍሉንም ቁልፍ እንደ ማተብ አንገቱ ላይ አስሮ ነው የሚዞረው። በአንቱታ ልጠራው ሞክሬ እጄ እምቢ ብሎኛልና ለዛሬ ይታገሡኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት። አምና ኮምፒውተሮቹ ሲመጡ የነበረውን ደስታ ያስታውሳሉ። እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች። ያለ ኮምፒውተር የኮምፒውተር መምህር መሆኔ ይከነክናት ስለነበር፣ “ቀንበር ተሸክማ ስትዞር የነበረች ልጄ በሬ አገኘች!” ብላ እልል አለች።

ይኸው ዓመት ሊሞላ ነው፤ ተማሪዎቼ አልነኳቸውም። ጌጡ አቧራ እንዳይገባባቸው ብሎ ለእያንዳንዳቸው አበባ የተጠለፈበት ነጭ ጨርቅ አሰፋላቸውና በሩን ቆለፈ። ለልጆቹ እንክፈትላቸው ባልኩት ቁጥር መልሱ አንድ ነው። “ርብቃ፣ ንብረቱ የተመዘገበው በኔ ስም ነው። አንዱ ቢበላሽ ተጠያቂው እኔ ነኝ። አንቺ በሰሌዳ አስተምሪ።” በሰሌዳ! ውኃ ዋና በሰሌዳ ይለመዳል? እኔም ማውስ በጠመኔ እየሣልኩ፣ ኪቦርድ ከካርቶን ቆርጬ እየሠራሁ ሳስተምር ከረምኩ። ልጆቹ የካርቶኑን ፊደላት እየነኩ ስማቸውን ይጽፋሉ፤ የጻፉትን ግን አያዩትም።

በመጋቢት ከዞን እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ፤ ያኔ ክፍሉ ተከፈተ። ደስ ብሎኝ ልጆቹን ይዤ ብሄድ፣ ጌጡ በር ላይ ጫማቸውን አስወልቆ የሚለማመዱትን ራሱ ነገራቸው። ሲገቡ ጨርቁን መግለጥ፣ በአራት ማጠፍ፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥ። ሲጨርሱ ደግሞ ብድግ ብሎ ጨርቁን መልሶ ማልበስ። ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ተለማመዱ። ኮምፒውተሮቹ አንድም ቀን አልበሩም። ምነው ብዬ ብጠይቀው “እንግዶቹ የሚያዩት ሥርዓታችንን ነው” አለኝ።

በዕለቱ ኮምፒውተሮቹን ቀድሜ ገብቼ ያበራኋቸው እኔ ነኝ። ጨርቁን መልሰን ጣል አደረግንባቸው። ልጆቹ ገቡ፣ ገለጡ፣ አጠፉ፣ ተቀመጡ። ጌጡ ፊቱ በራ። እንግዶቹ በየመካከሉ ሲዞሩ አንደኛው ማሬ አጠገብ ቆመ። ማሬን ያውቋታል፤ የቄስ ዘውዱ ልጅ ናት። በጽሑፍ ፈተና ከአሥረኛ ክፍል ሁሉ የሚበልጣት የለም። ኮምፒውተር እንዴት እንደሚጠፋ ቢጠይቋት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ትወርደዋለች።

ሰውዬው በደግነት “ጎበዝ! እስቲ አሁን አጥፊው” አላት። ማውሱን ያዘች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ሸሽታ ጥግ ገባች። መለሰቻት፤ በሌላው በኩል ጠፋች። ማውስ በጠመኔ ተሥሎ ነው እንጂ ሲሮጥ አይታ አታውቅም። ጌጡ ከኋላዋ ጉሮሮውን ሲጠርግ ደንግጣ ብድግ አለችና፣ ያጠፈችውን ጨርቅ ዘርግታ የበራውን ኮምፒውተር ቀስ ብላ አለበሰችው። ከዚያ እጇን አጣምራ ቆመች።

“ኧረ አስተኛችው!” አለ ከእንግዶቹ አንዱ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የኛዎቹ መምህራንም ሳቁ፣ አያፍሩም። ያልሳቀው ጌጡ ብቻ ነበር። “አንቺ ደነዝ! ዓመት ሙሉ የተማርሽው ይኸን ነው? ውጪልኝ!” ብሎ ጮኸባት።

አባቴ፣ ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ? አልቻልኩም። “ልጅቱ ደነዝ አይደለችም” አልኩ። “ኮምፒውተር ስትነካ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ይህ ክፍል የሚከፈተው እናንተ ስትመጡ ብቻ ነው። ርእሰ መምህራችን ያለማመዷት ጨርቅ ማልበስ ነው፤ የተለማመደችውን አደረገች።” እንግዶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ምሳ ሳይቀዘቅዝ ተብሎ ወጡ። ይኸው፣ አዋረደችኝ ብሎ እርስዎ ዘንድ የከሰሰኝ በዚህ ነው።

በማግስቱ ማሬ ከግቢ ተባረረች። ቄስ ዘውዱ መጥተው ቢለምኑት “መጀመሪያ ርብቃ በመምህራን ስብሰባ ፊት ይቅርታ ትጠይቀኝ፤ ከዚያ ልጅዎ ትመለሳለች” አላቸው። ልጅቱን መያዣ አደረጋት እኮ! የአሥረኛ ክፍል ፈተና ደርሷል። ክፍሉም እንደገና ተቆልፏል። ማሬን ቤቷ ሄጄ አየኋት። አታለቅስም፤ ብታለቅስ ይሻል ነበር። “ቲቸር፣ እኔ አውቀዋለሁ እኮ፤ እጄ ነው ያላወቀው” አለችኝ።

እርስዎ ጌጡን ራሱን ፊደል ሲያስቆጥሩት ሀሁን በሩቅ አሳይተው አልሸኙትም። ስንደዶ አስይዘው “እጅህ ሳይነካው አፍህ አይጥራው” ይሉት ነበር። ከአያትዎ የወረሱትን የብራና ዳዊት እንኳ ማንበብ ለጀመረ ልጅ ሁሉ ይሰጡ ነበር። ጠርዙ በልጆች እጅ ወዝ ጠቁሯል፤ ዳዊቱ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል። በዚያ መንገድ የተማረ ሰው እንዴት የቁልፍ ዘበኛ ይሆናል? እርስዎ ሳይቆልፉ ያስተማሩትን እሱ ምን ቢነካው ይቆልፋል?

አሁን ነገሩ በሽማግሌ ተይዟል። እኔ ለማሬ ስል ዝቅ እላለሁ። ክፍሉን ለልጆቹ ይክፈት፤ መጀመሪያ የምትገባው ማሬ ትሁን፤ ያኔ ድንጋይ ተሸክሜ በመምህራኑ ሁሉ ፊት ይቅር በለኝ እለዋለሁ። ያለዚያ ግን እንኳን ድንጋይ ጠጠር አልሸከምለትም። ዛሬ ይቅርታ ጠይቄ ማሬን ባስመልሳት፣ የምትመለሰው ወደ ጠመኔውና ወደ ካርቶኑ ነው። ከፈለገ ወደ በረሃ ያዛውረኝ።

ሽማግሌ ምረጪ ሲሉኝ እርስዎን መረጥኩ። ስምዎን ስጠራ ሽማግሌዎቹ ተሳሳቁ። ለካ ጌጡም ቀድሞ እርስዎን መርጧል፤ ዳገቱን የወጣው ለዚህ ነው። ሁለታችንም የምንፈራው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት ማለት ነው። እሱ በበላይነህ በኩል አንድ መልእክት ስላስላከብኝ የተፈረደለት መስሎታል። እኔ ግን በሰው አፍ የመጣ ፍርድ አልቀበልም። ከፊቴ ተቀምጠው፣ ዐይኔን እያዩ ይንገሩኝ።

እናቴን የቀበርን ሰሞን ሲወጡ “ለአንድ ሱባዔ ነው” ብለውኝ ነበር። በላይነህ ደግሞ ለጰራቅሊጦስ ቆብ ሊደፉ መሆኑን ነገረኝ። ስለዚህ ጉዳይ ምንም አልጽፍም። የመነኮሰ ሰው ለዓለም ሞቷል ይባላል፤ የሞተን ሰው ደግሞ ሽማግሌ ሁን ብሎ የሚጠራው የለም። ስለዚህ ከዚያ በፊት ይምጡ።

የኔ ሽማግሌ መሆን ካልወደዱ የጌጡ ሆነው ይምጡ። ይፍረዱብኝ። ድንጋዩንም በእጅዎ ያሸክሙኝ። ብቻ ይምጡ።

የአባቶች ጸሎት አይለየን።

ልጅዎ
ርብቃ ሙላቴ