ላም የማትቀምሰው ገለባ

ለእህቴ ለዙቤዳ ሁሴኖ፤ ጅዳ ካለሽበት ድረስ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የምትሠሪበት ቤት ሰዎች አሁንስ እንቅልፍ ይሰጡሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ የጎደለን አንቺ ብቻ ነሽ። ፋጡ ወደዚያ ስለምትመጣ በሷ እጅ ጻፍኩልሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ ሁሌ ትቸኩያለሽ፣ የኔ ወሬ ደግሞ ችኮላ አይወድም።

አምና "ሀገሬ ብገባስ ምን ይዤ እቀመጣለሁ?" ብለሽ ያለቀስሽው ከጆሮዬ አልወጣም። ያቺ የጓሮ አትክልት ቦታሽ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ፀሐይ አንድዷት እንደ ሸክላ ደርቃ ነበር። ጥር ላይ አባባ "ውሃ የለም፣ ባህር ዛፍ እተክልበታለሁ" አሉ። ባህር ዛፍ ከገባ ያው ቦታሽ አለቀለት። እኔም ፊታቸው ቆሜ "እስከ በልግ ዝናብ ይስጡኝ፤ እስከዚያ አረንጓዴ ከሆነ የዙቤዳ ይሁን" አልኳቸው። ለአባባ እንዲህ ደፍሮ የሚናገር ከኔ ሌላ ማን አለ? እሺ አሉ።

መቂ አትክልት ቦታ ስሠራ ያየሁት ዘዴ ነው። መሬቱን ገለባ ታለብሺዋለሽ፤ ፀሐይ አፈሩን አታገኘውም፣ ያጠጣሽው ውሃም አይሸሽም። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ይሄን ካወቅኩ፣ ብማር ኖሮ አስቢው። ቃሪያና ጎመን ተከልኩ፣ ከክምሩ ንጹሕ የስንዴ ገለባ አውርጄ አለበስኩት። ጎረቤታችን ቱሳ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ "ከዲሮ፣ መሬቱ በረደው እንዴ? ጋቢም ጨምርለት" እያለ ሲስቅብኝ ከረመ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እሱ ሳይሆን ከብቶቹ ናቸው የጣሉኝ። ንጹሕ ገለባ መሬት ላይ መዘርጋት ለከብት ምሳ ማቅረብ ነው፣ ይሄን ሳላስብ ቀረሁ። አርብ ሁላችንም መስጊድ ሳለን የቱሳ በሬና ሁለት ላሞቹ አጥሩን ጥሰው ገቡ። ገለባውን ጠራርገው በሉ፣ ጎመኑን ደረቡበት፣ ቃሪያውን ረጋገጡት። ከአርባው ቃሪያ አስራ ሦስት ተረፈ። አባባ አልተቆጡም። በማግስቱ የባህር ዛፍ ችግኝ አምጥተው ጥላ ስር ደረደሩት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እኔም ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

ያዳነችኝ እማዬ ናት። በረት እየጠረገች "ከብት ስትጠብቅ አድገህ፣ ላም የሸናችበትን ገለባ እንደማትበላ አታውቅም? መቂ ያስተማሩህ ይሄን ነው?" አለችኝ። ልብ በይ፣ እኔን ነው። ከበረት የወጣውን ገለባ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ የሞተውን ጎመን ተካሁ፣ ግንዱን እንዳያቃጥለው አንድ ስንዝር እየራቅኩ አለበስኩት። የቱሳ በሬ ተመልሶ መጣ። አሸተተ፣ እፍ ብሎ ዞረ። ድሮ ጠዋትና ማታ በአህያ ውሃ ስናመላልስ አልነበር? አሁን በሦስት ቀን አንዴ ይበቃዋል። በሲሬ ይሄን የሠራ የመጀመሪያው እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው ነኝ ካለሽ እንዳታምኚው።

ዘንድሮ በልጉ ዘገየ፣ የሰው ሁሉ ጓሮ ነደደ። ባለፈው ሳምንት አባባ የሚያያቸው ያለ ሳይመስላቸው አትክልቱ ውስጥ ገቡ። እኔ በረት ሆኜ አያለሁ። ቁጢጥ ብለው ገለባውን ገለጥ አደረጉና እጃቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱ። ቶሎ አላወጡትም። ጣታቸው ላይ ጥቁር ጭቃ ይዘው ተነሱ። የባህር ዛፍ ችግኞቹን ለቱሳ ላኩለት። ምሳ ላይ ደግሞ ከመሬት ተነስተው "የዙቤዳ ኮንትራት መቼ ነው የሚያልቀው?" አሉ።

እማዬ ዓይንሽን ትስማለች፣ ያረገዘችው ላም እንደወለደችም ንገራት ብላለች። አክስታችን ሀሊሜ ሰላም ብላሻለች፣ ጉልበቷ ተሽሏታል። ትንሹ ሊበን ቁመቴ ከከዲሮ በልጧል በልልኝ ይላል፣ ውሸቱን ነው። ቱሳም ሰላም ብሎሻል፣ አሁን አይስቅም። አባባ "ሰላም በላት" ብቻ ነው ያሉት። ግን መሃል ላይ አንድ መደብ ባዶውን እንድተው አዘውኛል፤ ምን እንደሚተከልበት አንቺ መጥተሽ ትነግሪናለሽ።

ወንድምሽ ከዲሮ ሁሴኖ
ሲሬ፣ አርሲ
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.