ሳይሞላ የማይነሳው ፕሮቲን

ሐሙስ፣ ጥር 5 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ቢቸና

ዛሬ ሞጣ ድረስ ሄጄ ከድርን አፋጠጥኩት። በሴል ውስጥ ዕቃ ተሸክመው የሚራመዱትን ሞተር ፕሮቲኖች በሒሳብ ሞዴል የምናሰላው አብረን ነው። ሰኞ ለአማካሪያችን እናስረክባለን፤ ሥራው ከተበላሸ ሁለታችንም አንመረቅም።

ያስጠረጠረኝ የውጤቱ ማማር ነው። በከድር ኮድ የሚጓዝ ፕሮቲን ሁሉ ሙሉ ጭነት ይዟል። በማይክሮስኮፕ የታየው ግን ያገኛትን ይዞ እብስ የሚል ነው።

በአባቱ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ሲለካ አገኘሁት።

«ውጤቱን ከኪስህ ነው ያወጣኸው?» አልኩት፣ በዳኛ ድምፅ።

«አንተ ሰው፣ ጤና የለህም?» ብሎ ላፕቶፑን ጣቃው ላይ ከፈተው።

መስመር በመስመር ስናነብ ጉዱ ወጣ። ፕሮቲኑ ጭነቱ እስኪሞላ ቆሞ እንዲጠብቅ ታዟል።

«ይኼን ማን ነገረህ?»

«ማን ይነግረኛል? ሳይሞላ የሚነሳ የት አይተህ ታውቃለህ?»

አባቱ ከመቀሳቸው ቀና ብለው፣ «እውነቱን እኮ ነው ልጄ» አሉኝ።

ጠዋት ቢቸና መናኸሪያ ሚኒባሱ እስኪሞላ ግማሽ ቀን ተገትሬ ነው የመጣሁት። ቢሆንም መስመሩን ሰረዝነው፤ ያ ሸጋ ግራፍ ወዲያው ተንጋደደ።

ከድር ቢያጭበረብር ይሻለኝ ነበር። አጭበርባሪ ይያዛል። ይኼን ኮድ ግን እኔ ራሴ ገምግሜ ደህና ነው ብዬ አልፌዋለሁ። በቀሩት መስመሮች ውስጥ ስንት የመናኸሪያ ሕግ እንደተሳፈረ እንጃ። እስከ ሰኞ የሚያይልን ሰው ልፈልግ ብዬ የማውቃቸውን ሁሉ አሰብኳቸው፤ ሳይሞላ በተነሳ ሚኒባስ ሄዶ የሚያውቅ አንድም የለም።